ያልተቆረጠችው ኮከቢት

ውድ እማማ፣

ይህ ደብዳቤ የጉራ ነው፤ ከወዲሁ ይወቁት። ስለ ጤናዎና ስለ ጉልበትዎ ሕመም በኋላ እንጫወታለን። አሁን ግን ልፎክር፤ አሸንፌያለሁ! ተክልዎ ኮከቢት ቆማለች፤ ሲሚንቶው ተመልሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርስዎ ሴት ልጅዎ ዘንድ ለመኖር ከሄዱ ወዲህ የሕንጻችን ኮሚቴ በሩ ፊት ያለችውን የአበባ መደብዎን በሲሚንቶ ደፍኖ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጋት ተነሣ። ሰብሳቢውን ያውቁታል፣ ጡረታ የወጣው ፋርማሲስት። «ይሄ አበባ ነው እንዴ? ሣር እኮ ነው!» አለ በስብሰባው ላይ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮከቢት እነዚያን ፈዛዛ ሰማያዊ ኮከቦቿን የምታሳየው በጸደይ ለጥቂት ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ክር የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ናት። ድምፅ ተሰጠ። ለሲሚንቶው መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን መሰለዎት? ልጅዎ፣ ባሌ! እዚያው አጠገቤ ተቀምጦ! «መኪናዬን ቅርብ ባቆም ምን አለበት?» ይለኛል ኋላ። ያን ሳምንት ሻዩን ራሱ አፍልቶ ጠጣ።

ግንበኛው ሌላ ሥራ ስለነበረበት ነገሩ እስከ መጸው ቆየ። እርስዎ ደግሞ እንደ ልማድዎ ስልክ ደውለው፣ «ብርድ ሳይገባ ከሥሯ ቁረጫት፤ ተንጨባርራ ታስጠላለች» አሉኝ። ንጽሕና እንደሚወዱ አውቃለሁ። እኔን ግን እልህ ይዞኛል። ብቆርጣት መደቡ ባዶ ሊሆን፣ ሰብሳቢውም «ይኸው፣ ምን አለበት?» ሊል ነው። «እሺ እማማ» አልኩና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ቅጠሏ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ልጅዎ በመስኮት አይቶ፣ «በቃ ሞተች፤ አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የምነዳውን አውቶቡስ አስረክቤ በገባሁ ቁጥር፣ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ አገዳዋን ሳልነካ አላልፍም ነበር።

ግንበኛው የመጣ ዕለት ጠዋት ለፈረቃዬ ስወጣ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ኮከቢት ከላይ እስከ ታች ወርቅ ሆናለች። ፀሐይዋ ስታርፍባት የሕንጻው ግድግዳ ሳይቀር ቢጫ መሰለ። ግንበኛው ጋሪውን አቁሞ፣ ዶማውን ተደግፎ ያያታል።

«እኔ ይቺን አልነቅልም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለኝ።

ሰብሳቢው በፒጃማው ወርዶ ሊጮህ አፉን ሲከፍት፣ ሚስቱ ከላይ በመስኮት፣ «ንካትና ታያለህ! እቤት አትገባም!» አለችው። ጎረቤቱ ሁሉ በነጠላ ጫማ ወጣ። እዚያው ደረጃው ላይ እንደገና ድምፅ ተሰጠ፤ ኮከቢት አሸነፈች። ልጅዎ ሁለት እጁን አወጣ፤ አንዱ ላለፈው ካሳ ነው አለ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ግንበኛውን አቀፍኩት። ዘግይቼ መናኸሪያ ስደርስ ተሳፋሪው ሲቆጣኝ እንኳ እየሳቅሁ ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳስብ ግን እንባዬ መጣ፣ እማማ። ይህችን ተክል የተከሏት እኔ ገና ወደ ቤትዎ ሳልመጣ ነው። ያጠጧት፣ ያረሙላት እርስዎ ነዎት። ነገር ግን በየዓመቱ ልታጌጥ ስትል ስለሚቆርጧት አንድ ቀን እንኳ በወርቋ አላዩአትም። ሁላችንም አይተናት እርስዎ አለማየትዎ አንጀቴን በላው።

ስለዚህ ፎቶ አልልክልዎትም። ቢለምኑኝም አልልክም። ቅዳሜ መጥተን እንወስድዎታለን፤ ጉልበቴን ቢሉ ደግፌዎት፣ እምቢ ቢሉ ተሸክሜዎት። ፊቷ ቆመው በገዛ ዓይንዎ ይዩአት፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ይቆጡኝ።

ትእዛዝዎን አፍርሳ ተክልዎን ያተረፈች፣
ምራትዎ