ስለተወረሰው ባሕራችን

ፍኖተ ሰላም
የካቲት 1997 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ቢሆነኝ
የመምህራን ግምገማ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ፣

አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በግምገማው ዕለት ጠረጴዛ ሲደበድብ ለዋለው ቀኝ እጅዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ ያለው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን መጻፌ በዓባይ በረሃ አፋፍ ወዳለው ትምህርት ቤት እንድዛወር የሰጡኝ ቀነ ገደብ ሳያልቅ ምስጋናዬን ላደርስ ብዬ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኔም ከሥሩ እጀምራለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ ማዕበል እንደጨረሰው በሬዲዮ የሰሙ ተማሪዎቼ፣ ባሕር እንዴት ከቦታው ይነሣል ብለው ጠየቁኝ። የዚያኛው ምክንያት የባሕሩ ወለል ራሱ ተሰንጥቆ መነሣቱ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዳንዴ ግን የደለል ናዳ ብቻውን ይበቃል። ወንዞች ጠርገው የሚያወርዱት አፈር በባሕሩ ወለል ተዳፋት ላይ በየዓመቱ ይደራረባል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ አንድ ቀን ወለሉ ሲነቃነቅ ያ ሁሉ ክምር ተንዶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ከላዩ ያለውንም ውሃ ገፍቶ ያስነሣዋል። ከእኔ ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ ባሕር ያየ ሰው ስላልነበረ፣ ከመስታወት ቆራጩ ከደጀኔ ቁርጥራጭ ለምኜ ሣጥን ሠራሁና የላህን ወንዝ ውሃና ጭቃ ሞላሁበት። ተማሪዎቹ የወረቀት ጀልባ ጨመሩበት። ጠረጴዛውን ስንመታው ጭቃው ተናደ፣ ጀልባዋ ተገለበጠች፣ ክፍሉም አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ሳይሆን አይቀርም እርስዎ ዘንድ የደረሰው።

አንደኛ፤ አገራችንን ከመስታወት ሣጥን ስለታደጓት አመሰግናለሁ። ከነኮሚቴዎ መጥተው ሣጥኑን በአራቱም ማዕዘን ዞረው ካዩት በኋላ፣ ጀልባዋ የቆመችበት ወደብ ማን እንደሚባል ጠየቁኝ። የላህ ጭቃ ነው ብልዎት አላመኑኝም። ምርጫ በደረሰበት ሰዓት ስለ ባሕር ማስተማር የወደብ ናፍቆት መቀስቀስ ነው ብለው ደመደሙ። ክቡርነትዎ፣ እኔ ወደብ ለማስመለስ ብነሣ ኖሮ ጀልባዋን ቢያንስ ከካርቶን እሠራት ነበር።

ሁለተኛ፤ ግለ ሂስ እንዳደርግ ዕድል ስለሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም። ጭቃውን አወፍሬው ኖሮ በመጀመሪያው ምት አልናድ ብሎ እንዳስቸገረን በሙሉ ልቤ አመንኩ፤ ይህም በቃለ ጉባኤው ላይ ጥፋቱን በከፊል አምኗል ተብሎ ሰፈረ። ከአባላትዎ አንዱ በአካባቢያችን ባሕር ስለሌለ ትምህርቱ አግባብነት የለውም ሲሉ፣ ሌላው ባሕሩ ባስቸኳይ ይወረስ አሉ። ስለዚህ ባሕር የለም ተብዬም፣ ባሕር ይዘሃል ተብዬም በአንድ ስብሰባ የተቀጣሁ የመጀመሪያው መምህር ሳልሆን አልቀርም። ይህ የባሕር ምዕራፍ ያለበትን መጽሐፍ ከመጋዘን አውጥተው ያደሉን ራስዎ እንደነበሩ ግን ማንም አላነሣብዎትም፤ እኔንም ይሉኝታ ያዘኝ።

ሦስተኛው ዝውውሬ ነው፤ በእሱ ላይ መቀለድ አልሆነልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴን ወይዘሮ አምለሰትን ግራ ጎናቸው በድን ሲሆን ከማንኩሳ አምጥቼ ከእኔ ጋር አኑሬያቸዋለሁ። አቅፌ አነሣቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፣ ቀጠሯቸው ሲደርስ በጋሪ ጭኜ ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ። እርስዎ በመረጡልኝ አገር ጋሪ የሚሄድበት መንገድም፣ መርፌ የሚወጋ ሰውም የለም። ትቻቸው ብሄድ የሚያነሣቸው የለም፣ ሥራዬን ብተው የምንበላው የለም። በጣም አዝኛለሁ፤ ንቄዎትማለሁ፣ ይህንንም ከመናገር አልመለስም።

ለእናቴ የመዛወሬን ምክንያት ላስረዳቸው ብዙ ደከምኩ። ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጀልባዋ ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ባሕሩን የሰጠኸው አንተ ነህ ወይ?» አሉኝ። አይደለሁም አልኳቸው። «ታዲያ የሰጠውን ትተው ያሳየውን ምን አድርግ ይሉታል?»

ጥያቄያቸውን በትሕትና ወደ እርስዎ አስተላልፌያለሁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ወደ በረሃው አልወርድም። ደመወዜን መያዝ ይችላሉ፤ እናቴን ግን ጥዬ አልሄድም።

ባሕር በሌለበት አገር ባሕር ጠባቂ ሆነው ለተገኙት ለክቡርነትዎ እስከ ጉልበቴ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሌላ ጠላት እስኪገኝልዎት ድረስ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ የምለምን፣

መምህር ያለው

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አምለሰት፣ ጥያቄያቸው መድረሱን እንዲያውቁት
ለላህ ወንዝ፣ ጭቃው የት እንደገባ እንዲያውቅ
ለሕንድ ውቅያኖስ፣ ከወዲሁ እንዲጠነቀቅ

በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የዝውውር ደብዳቤዬን ልወስድ በማለዳ ስመጣ፣ ሣጥናችን ማኅተም ተለጥፎበት ቢሮዎ ውስጥ ተቀምጦ አየሁት። የጽዳት ሠራተኛዋ እታለም ከሥሩ ለመወልወል ታነሣዋለች፤ በተነሣ ቁጥር ጭቃው ይናዳል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ እርስዎ ሲገቡ ግን ጠርቶ ይቆይዎታል። ቀሪውን ትምህርት ሳላስተምር ስላስቆሙኝ ለእርስዎ ልንገርዎት። ከእያንዳንዱ ናዳ በኋላ የደፈረሰው ዝቃጭ በወለሉ ላይ አንድ ስስ ንጣፍ ሆኖ ይቀራል። ሊቃውንቱም ከባሕር ሥር ያንን ደለል እያወጡ፣ ምድሩ ስንት ጊዜ እንደተናወጠ ከንጣፎቹ ቁጥር ያነባሉ። ስለዚህ አደራዎን፣ ሣጥኑን የሚያስጥሉ ቀን ውሃውን ብቻ ያስደፉት፤ ጭቃውን የሚያነብ ሰው ይመጣል።