ተሸኝቼ የቀረሁ ሰሞን

ሰኞ

አባዬ ዛሬም አላናገረኝም። ሻይ አስቀመጥኩለት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተሰበረው እግሩ ነው፣ የተዘጋው ግን አፉ ነው። ስወጣለት ጠጣው። ባዶውን ብርጭቆ አይቼዋለሁ።

ጥፋቴ ይኸው ነው። ካምፓላ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከተቀበለኝ በኋላ «ቦታዬን ለአንድ ዓመት አቆዩልኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ዲፈርመንት ይሉታል። ለአባዬ የነገርኩት ከላክሁት በኋላ ነው። «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል የለም።

አልሞተም። እዚህ ጁባ የወንዙ ወደብ ላይ ሲያስጭን ከመኪና ወድቆ፣ አዲስ አበባ ወስደነው እግሩ ውስጥ ብረት አስገብተውለት ተመልሰናል። ሐኪሙ ዓመት ሙሉ መጋዘን እንዳትረግጥ ብሎታል። ታዲያ እኔ ፋርማሲ ልማር ብዬ ብሄድ ሱቁ ለማን ይቀራል? ለሙክታር። ሙክታር የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ «ላግዝህ» ብሎ የመጣ። እገዛው እንዲህ ነው፤ ረፋድ ላይ ሽቶ ተቀብቶ ይመጣል፣ የአባዬ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ስልኩን ሲነካካ ይቆያል፣ ከሰዓት ጫቱን ይዞ ይጠፋል። ዘይትና ፓስታ በጅምላ እንደምንሸጥ እንኳ የሰማ አይመስለኝም። እማዬና ወንድሞቼ አዲስ አበባ የሚኖሩት ደግሞ በዚህች ሱቅ ነው።

ከዩኒቨርሲቲው የመጣው «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል ብቻ ነው። ምዝገባ በሚቀጥለው ሰኞ ይጀመራል። እምቢ ካሉኝና እኔም እዚያ ካልተገኘሁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ለአባዬ አልነገርኩትም። ጀርባውን ሰጥቶኝ እንዴት ልንገረው?

ማክሰኞ

ጁባ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሽኝቴን በልቷል። መከራዬ እሱ ነው።

አባዬ ከመውደቁ በፊት እዚህ አትላባራ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። ኬኩ ላይ «ዶክተር ሀያት» ተብሎ ተጻፈ። የምማረው ፋርማሲ ነው ብል ማን ሰምቶኝ። አንድ ቀን ክፍል ሳልገባ ዶክተር ሆኜ ተቆረስኩ።

የተሸኘ ሰው መሄድ አለበት። ካልሄደ የሆነ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ምን እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ከእኔ በፊት ያውቃል። እስከ ዛሬ የሰማሁት፦

አርግዣለሁ። (ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ። ሰላም የሚሉኝ ሆዴን እያዩ ነው።)

ፈተና ወድቄ ተባርሬአለሁ። (ገና ሳልገባ።)

ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። (ተሰብስበው ሻንጣ የገዙልኝ ነጋዴዎች።)

ከሻንጣው ሰዎች አንዱ ዛሬ ሱቅ መጥቶ «ተመቸሽ?» አለኝ። ሰው የሚያክል ሮዝ ሻንጣ። አልጋ ስር አልገባ ብሎኝ የክረምት ብርድ ልብስ አጭቄበታለሁ። «በጣም» አልኩት።

እትዬ ዘይነባ ደግሞ ማታ በሩ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ በሰው ላይ የማይደርስ የለም። ለእኔ ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ያው ያለውን ነገር።»

«አባዬ እግሩ ተሰብሯል» አልኳቸው።

«እሱንማ እናውቃለን» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። እውነት ለእሳቸው አይበቃቸውም፤ ቅመም የለውማ።

ረቡዕ

ዛሬ አሸነፍኩ። ትንሽ ድል ናት፣ ግን ትጻፍ።

ወደ ማላካል ከተማ የሚሄደው ዱቄታችን ጀልባው ላይ ተጭኖ አልቋል፣ ሸራ ግን አልለበሰም። ሰማዩ ጠቁሯል። አስጫኙ ሙክታር ነው። የት አለ? መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ኤሲ ከፍቶ። መስታወቱን አንኳኳሁ። ስልኩን በጣቱ አሳየኝ፣ እያወራሁ ነው ለማለት። ስክሪኑ ላይ ኳስ ነበር።

የወዛደሮቹን አለቃ ላዶን ሄጄ ለመንኩት። «ቡክራ» አለኝ፣ ነገ ማለቱ ነው። በዚያች በተሰባበረች ዐረቢኛዬ ነገ ዱቄት ሳይሆን ሊጥ ነው የምትጭነው አልኩት። ሳቀ፣ ልጆቹን ጠራ፣ ሸራውን አለበሱት። ገመዱን እኔም አብሬ ጎተትኩ፣ መዳፌ ተላጧል። አስረን ሳንጨርስ ዝናቡ ወረደ።

ሙክታር የወጣው ሲያባራ ነው። ጫማው ጭቃ እንዳይነካ በእግር ጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ። «እኔ ልነግራቸው ስል ቀደምሽኝ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ምክር። «ሴት ልጅ ወደብ ላይ ከወዛደር ጋር ስትጯጯህ ሰው ምን ይላል? ወይ ትምህርትሽን ተማሪ፣ ወይ ባል አግቢ። መሃል ላይ አትገተሪብን።»

መሃል ላይ የተገተርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። እሱ ኤሲ ውስጥ ነው።

ቤት ገብቼ ለአባዬ ጀርባ ሁሉንም ተረኩለት። ስለ ሸራው ሳወራ አንገቱ ትንሽ ዞረ፣ አይቼዋለሁ። ገመዱ በደንብ ጠብቋል ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ፈልጎ ዋጠው። ምናለ ቢጠይቀኝ ኖሮ።

ሐሙስ

እማዬ ደወለች። «አባትሽን በቁም አትግደይው። ልጄ ተማረች ብሎ በኮራበት ሰዓት?»

«እሺ፣ ልሂድና ሱቁን ሙክታር ይያዘው?»

ሙክታርን ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። «እሱንስ አላልኩም» አለች። ሂጂም አትልም፣ ቅሪም አትልም፤ ማንንም ላለማስቀየም ብቻ ነው የምትፈልገው። ማስቀየሙ ለእኔ ቀርቷል።

ሁለተኛ ደረጃ አብራኝ የጨረሰችው ሰሚራ ካምፓላ ገብታ የዶርሟን ፎቶ ላከችልኝ። አልጋ፣ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ደብተሮች። ከታች «ያንቺ አልጋ ባዶ ነው» ብላ ጽፋለች።

ቀናሁ። መደበቅ የለም፣ አንጀቴ እስኪቃጠል ነው የቀናሁት። ሰውን ሁሉ ስሳደብ ስውል ጠንካራ የሆንኩ ይመስለኛል። መሄድ እፈልጋለሁ። ዛሬ ተነሺ ቢሉኝ ዛሬ። የቀረሁት ትምህርት ጠልቼ አይደለም። ሆዴን የሚያየው ሁሉ ይህን አንድ ነገር አይጠይቀኝም።

ዩኒቨርሲቲው ጋ ደወልኩ። ረጅም ሙዚቃ አሰሙኝ፣ ከዚያ አንዲት ሴትዮ «ጉዳይሽ ኮሚቴ ጋ ነው» አለችኝ። ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል? «በቅርቡ።» እንዲህ ያለውን መልስ እኛ ሱቅ ውስጥ ብሰጥ ደንበኛው ጥሎኝ ይወጣል። እኔ ግን አመስግኛት ዘጋሁ። ቦታዬ እጇ ላይ ነው።

ዓርብ

ልናደድ ወይስ ልሳቅ አላውቅም።

ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ መጣ። ሐጂ ናስር፣ ከነጋዴዎቹ ሁሉ ትልቁ፣ ሁለት ሰዎች አስከትለው። ከኋላቸው ሙክታር፣ ጫማው እያብለጨለጨ። አባዬ ወንበሩ ላይ ነበር። «ተቀመጡ» አለ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

ሽማግሌ እንዲህ የሚቆመው ለሁለት ነገር ነው። ወይ የተጣላ ሊያስታርቅ፣ ወይ ልጅ ሊጠይቅ። አባዬ ከልጁ ጋር እንደተኳረፈ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሊያስታርቁን የመጡ መሰለው። መጋረጃው ጀርባ የቆምኩት እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

ሐጂ መግቢያቸውን ጀመሩ። መግቢያቸው ደግሞ አያልቅም። ከአደምና ሐዋ ተነስተው ገና ኑሕ ጋ አልደረሱም፣ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባዬ የቆመ ሽማግሌ ማየት አላስቻለውም።

«ሐጂ፣ የመጣችሁት ስለ ሀያት ከሆነ አትድከሙ። ገብቶኛል። ልጅቷ የምታደርገውን ታውቃለች፣ እኔ ነኝ የከበደኝ። ተቀብያለሁ። በአላህ ተቀመጡልኝ።»

ኩርፊያው እንዲህ አለቀ። ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ተናግሮ። ይሁን፤ መጋረጃውን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።

እነሱ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። «አላህ የሀያትንና የኻሊድን ትዳር የተባረከ ያድርገው።»

ኻሊድ የሐጂ የእህታቸው ልጅ ነው። አማራት ሰፈር ውስጥ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። በሕይወቴ አንድ ጊዜ አናግሮኛል፣ «ቻርጀር አለሽ?» ብሎ። ትምህርት የቀረች ልጅ ለባል ደርሳለች ብሎ ሐጂን ያመጣቸው ሙክታር ነው። እኔ አግብቼ ከወጣሁለት ከዚያ ወንበር ላይ የሚያስነሳው ማን አለ?

አባዬ እጁን ከዱዓው መሃል አወረደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አወረዱ። ሽማግሌ ፊት ተቀብያለሁ ያለ ሰው ቃሉን አያጥፍም፤ ጁባ ያለ ነጋዴ ደግሞ የሚኖረው በቃሉ ነው። ላብ ግንባሩ ላይ ሲወርድ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት።

«ሐጂ፣ ያስቀየምኳችሁ ከሆነ አውፍ በሉኝ። የተቀበልኩት ትምህርቷን ለአንድ ዓመት ማቆየቷን ነው። ለባል አልሰጠኋትም። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ቦታዋን ይዘውላታል።»

«ይዘውላታል?» አለ ሙክታር።

«በጽሑፍ» አለ አባዬ።

ጽሑፍ የለም። አባዬም እንደሌለ ያውቃል፤ ቢኖር ኖሮ ገና በር ላይ ሳለሁ እየጮህኩ አነብለት እንደነበር ያውቃል።

ሐጂ ሙክታርን ዞረው አዩት። «ለእኛ የተነገረን ትምህርቱን ትታዋለች ተብሎ ነው» አሉ። «ተማሪ ከሆነች ምን አገባን። አላህ ያስጨርሳት።» ተምርና ጁስ አቀረብኩ። ሙክታር ሳይቀምስ ወጣ። ሐጂ ግን ተምሩን ጥርግ አድርገው በሉ፤ ያን ሁሉ ቆመው።

ቅዳሜ

አባዬ አናገረኝ። የመጀመሪያ ቃሉ «መልሱ መጣ?» ነው።

አልመጣም አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ኮሚቴውን፣ የሰኞውን ምዝገባ፣ እምቢ ካሉ ቦታው እንደሚሄድ። ስጨርስ ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። «ሐጂ ፊት ዋሸሁ» አለ ብቻ። «ዱዓ መሃል።» ሃይማኖቱን ለይስሙላ የያዘ ሰው ቢሆን ኖሮ አይከብደውም ነበር። አባዬ ሚዛን ላይ ጣቱን አሳርፎ የማያውቅ ሰው ነው፤ በእኔ ምክንያት ነው አሁን ያሳረፈው።

ከዚያ «ሻዩ ስኳር አንሶታል» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ አንሶት ነበር።»

ሙክታር አሞኛል ብሎ መልእክት ላከ። አላህ አይማረው አልልም፣ ብቻ አይቸኩል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሽቶው ገና አልለቀቀም።

እሑድ

ኮሚቴ እሑድ አይሰበሰብም። አባዬ ግን ከዙሁር ሶላት በፊት አምስቴ ይሁን ስድስቴ ጠየቀኝ።

«እምቢ ካሉ ትሄጃለሽ» አለ። «እኔ በክራንች ሱቅ እቆማለሁ።»

«ትወድቃለህ።»

«ወድቄ አውቃለሁ።»

ከሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ካመለጠኝ ጭቅጭቅ ሁሉ ይህኛው ናፍቆኝ ነበር። ግን ፈርቻለሁ። ነገ እምቢ ካሉኝ የካምፓላ ተማሪ አይደለሁም፣ አባዬ ደግሞ ሽማግሌ ፊት የዋሸ ሰው ነው። ያን ሁሉ ሰው እንዳልናቅኩ፣ ነገ ትክክል ሆነው ሊገኙ ነው። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ሰኞ

መጣ። ሱቅ ውስጥ ሳሙና እያስቆጠርኩ ስልኬ ጮኸ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ ለራሴ፣ አንድ ጊዜ «ግን» የሚል ነገር ልፈልግበት። አንድ «ግን» አለ፤ ከአንድ ዓመት በላይ አይራዘምም። ቀሪው ጥሩ ነው። ቦታዬ ተይዟል።

ሱቁን ዘግቼ ሮጥኩ። አባዬ ስልኩን ተቀብሎ ዓይኑ ድረስ አስጠጋው። እንግሊዝኛ ብዙም አያነብም። «የቱ ጋ ነው የሚለው?» አለ። አሳየሁት። እዚያች መስመር ላይ ቆየ። ከዚያ በራሱ ስልክ ሐጂ ናስር ጋ ደወለ።

«ሐጂ፣ አሰላሙ አለይኩም። ዓርብ ዕለት ቦታዋን ይዘውላታል ያልኩዎት ውሸት ነበር። ዛሬ እውነት ሆኗል። ሁለቱንም ይወቁት ብዬ ነው።»

ሐጂ ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ረጅም ነበር፣ እንደተለመደው። አባዬ «አሚን፣ አሚን» ይላል። ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ዓመቱ ሲሞላ ሳትሄጂ ቀርተሽ ደግሞ አታስዋሺኝ።»

«እሺ» አልኩት። እግሩ ይድን አይድን አላውቅም። ሙክታር ይመለስ አይመለስ አላውቅም። እሺ ብያለሁ ግን።

ወደ ሱቅ በባለሦስት እግሯ ራክሻ ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ሹፌሩ ሰው የሞተብኝ መሰለው መሰለኝ፣ ሬዲዮውን ዘጋልኝ። ደስ ብሎኝ ነው አልኩት በዐረቢኛ። አላመነኝም፣ ሒሳብም አልቀበልም አለ።