ፕሮግራሙ ያልበላቸው ፎቶዎች

ኡዘይር፣

አዲ አርቃይ ወርጃለሁ። ቁልፉ አከራያችን ጋ ነው። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ከኮሶዬው ሰርግ ፎቶዎች ገሚሱን የፎቶ ማስቀመጫው ፕሮግራም በላብኝ ስትለኝ አምኜህ ነበር። ፎቶዎቹን ላወጣልህ ብዬ ፋይሉን ፈታትቼ አሠራሩን ደረስኩበት።
ሳላስፈቅድህ ኮምፒውተርህን መክፈቴ ሸጋ አይደለም፣ አውቃለሁ።

ፕሮግራሙ ምንም አልበላም። ደብቅ ያሉትን ብቻ ነው የሚደብቀው።
የተደበቁት ደግሞ እህቴ መርዋ ያለችባቸው ብቻ ናቸው።

ይሁን፣ እጅህ ስቶ ነው ልበል።

ግን ፕሮግራሙ ፊቷን ለይቶ «ይህች ማን ናት?» ሲልህ «ወለላ» ብለህ ጽፈሃል። መርዋን እንዲህ ብላ የምትጠራት እናቴ ብቻ ናት፣ ያውም ቤት ውስጥ።

ማን እንደነገረህ አንተን አልጠይቅህም። የወረድኩት መርዋን ልጠይቅ ነው።

ሐቢብ