ግራው አይሰማም

በእናትነት ለማይዎት አማቴ፣

እንዴት ሰነበቱ እናቴ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? በርበሬው ተለቅሞ አለቀ ወይስ ዝናቡ ቀደመዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቡሬ ከገባሁ ወዲህ እንኳን ልከሳ ቀሚሴ ሁሉ ጠቦኛል፤ ለሚጠይቅዎት ሰው ሁሉ ይህን ይንገሩልኝ።

ስልክ ያልደወልኩት ልጅዎ ዳኘው ከአጠገብዎ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። ዳዊት የሚደግሙ ሰው ነዎትና ራስዎ ያንብቡት፤ ለማንም አያስነብቡ።

የንስሐ አባታችን አባ ሃይለ ሚካኤል በሰው የላኩብኝ ቃል ደርሶኛል። የልጅዎ ግራ ጎን ነኝና ወደ ቤቴ እንድገባ፣ እሑድ ሽማግሌ ይዘው እንደሚመጡ፣ እንዳላሳፍራቸውም ነው የላኩብኝ። አልመለስም። ደጋግሜ ስለማልጽፈው ይችን ቃል ደኅና አድርገው ያንብቧት። ምክንያቴን ግን የምናገረው ለሽማግሌ ሳይሆን ለእርስዎ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሄድፎን ነው፤ አይሳቁብኝ። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ድምፅ አይወዱም። ከምሠራበት ፋብሪካ ስመለስ መዝሙሩንም ዘፈኑንም ለብቻዬ ልስማ ብዬ አዲስ ሄድፎን ገዛሁ። ግራው አይሰማም። መሰኪያውን በጥጥ ጠረግኩ፣ ገመዱን አጣምሜ አቃናሁ፣ የጎረቤቴን ስልክ ለምኜ ሞከርኩ፤ ግራው ያው ድዳ ነው።

በንዴት ይዤው ወደ ናዚፋ ሄድኩ። ናዚፋ ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክና ስፒከር የምትሸጥ፣ የምትጠግንም ሴት ናት። ሄድፎኑንም የሸጠችልኝ እሷ ስለነበረች ብልሹ ዕቃ ሰጠሽኝ ብዬ ጮኽኩባት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሞከረችውና ሁለቱም ጥሩ አድርገው ይዘፍናሉ አለችኝ። ውሸታም አልኳት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገልብጬ እንዳደርገው ነገረችኝ። የተበላሸው ዕቃው ከሆነ ዝምታው ወደ ቀኝሽ ይዞራል አለችኝ። ገለበጥኩት። ዝምታው ከግራዬ ንቅንቅ አላለም።

እናቴ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ናዚፋ የሱቋን ሙዚቃ ዘጋችና ምን እንዳገኘኝ ጠየቀችኝ። በቤታችን እንደሚባለው ምች ነው አልኳት። ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ፊቴ ዘረጋች። እጇ ያረፈው ግራ ጆሮዬ ላይ ነው። ምች እጅ አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ፍኖተ ሰላም ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ የጆሮዬ ታምቡር መቀደዱን ነገረኝ፤ ከፍልሰታ ፍቺ ማግስት ጀምሮ መሆኑን እኔ ነገርኩት። የዚያን ቀን ዳኘው ያደረገውን እርስዎ በር ላይ ቆመው ስላዩት አልተርክልዎትም።

እንግዲህ ያለቀስኩት ናዚፋ ሱቅ የቆምኩ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ግቢ ቀየርኩ፣ ስፒከርም ልገዛ ተነሣሁ። ዓይኔ ያረፈው መብራት በሚያብለጨልጩት ሁለት ረጃጅሞች ላይ ነበር። ናዚፋ ግን ሁለቱ ድምፁን እንደሚካፈሉት፣ ማሲንቆው ከአንዱ፣ ዘፋኙ ከሌላው እንደሚመጣ፣ ለእኔ ግን ሁሉንም ባንድ አፍ የሚያወጣ አንድ ጠንካራ እንደሚበቃኝ መከረችኝ። አንዱን ወሰድኩ። ስልኬንም አስተካከለችልኝ፤ የግራው ድምፅ ተጠቅልሎ በቀኜ ይገባል። ግማሽ ዘፈን መስማት ቀረ! ዳኘው ራዲዮ በከፈትኩ ቁጥር ቀንሺ ይለኝ ነበር። አሁን እስኪበቃኝ ድረስ እከፍተዋለሁ፤ ጎረቤቶቼም ዘፈኑ ሲጥማቸው ጨምሪው ይሉኛል።

ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ አክብሬ አስቀምጣቸዋለሁ። ግራ ጎኑ ነሽ ካሉኝ ግን፣ በግራ የሚነገረኝን አልሰማም ነው መልሴ። አባ ሃይለ ሚካኤል ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ ሰሙንም ወርቁንም እሳቸው ይፍቱት።

እርስዎን ግን አላስቀይምዎትም። ያን ማታ ጤና አዳም ጨምቀው ጆሮዬ ላይ ሲያንጠባጥቡልኝ እጅዎ አልተንቀጠቀጠም፤ የለመደ እጅ ነበር። ያኔ አልገባኝም። ቤተ ክርስቲያንም ገበያም ሰው ሲያናግርዎት ሁልጊዜ የሚያዞሩት ቀኝዎን መሆኑንም ያስተዋልኩት አሁን፣ እኔም እንደዚያው ማድረግ ስጀምር ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና የዳኘውን አባት ስም አላነሳም። ምች ነው እንዳይሉኝም፣ ጆሮዎን ምን እንዳገኘው አልጠይቅዎትም።

ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳይመጡ። ለብቻዎ፣ ሲመችዎት ይምጡ፤ አልጋም አለኝ፣ እንጀራም አላጣም። ለመቆየት ከወደዱም ማንም አይጠይቅዎትም። ጎን ለጎን ብንቀመጥ አንዳችን ስለማንሰማ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አድርጌያቸዋለሁ።

ወገብዎን ያጽናልዎት፤ ቀኝዎን ይጠብቅልዎት።

ከእንግዲህ ምራትዎ ያልሆንኩት፣
ልጅዎ