ገነቴ አርፋለሁ አለች

ሆሳዕና፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአጵሎስ፣ ደቡብ አፍሪካ፣

የሆዴ ፍሬ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። የጌታ ዓይን ከአንተ ላይ አይነሳ። እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ቁልቁለት ስወርድ ይከዳኛል። የጓሮው እንሰትም ደህና ነው። ሰላምታው ይብቃን፤ ወረቀቱን የፈለግሁት ለሌላ ነገር ነው።

በስልክ አትነግሪኝም ወይ ትል ይሆናል። ስትደውል ስልኩ በገነቴ እጅ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ አፌ ታስጠጋልኛለች፣ እኔም «ደህና ነን» እላለሁ። ሚስትህ አጠገቤ ቆማ ስለ ሚስትህ ምን ልበልህ? በሌላ ሰው እጅ ደግሞ ይህን አላስጽፍም። ባለ ሱቋ ጎረቤታችን ሃቢባ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

ፊደሌ ተንጋደደ ብለህ አትሳቅ። ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ? ሚስትህ ናት። ልጃችሁ ቤቴል አራት ዓመት ሞልቷት አፏን ሳትፈታ ስትቀር፣ ገነቴ የመምህርነት ሥራዋን ትታ ቤት ዋለች። ካርቶን እየቆረጠች ፊደል ጻፈችላት። ልጅቷ ካርቶኑን ዓይኗ ሥር ታሽከረክረው ነበር እንጂ አታየውም። እኔ ከጎን ጎመን እየቀነጠስኩ አየሁት። አንድ ቀን «ይሄ ‹በ› አይደለም?» አልኳት። ገነቴ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። «አማ፣ እርስዎ እንኳ ተማሩልኝ» አለችኝ። አማ በእሷ ከምባትኛም በእኛ ሃዲይኛም እናት ነው። ከዚህ ቃል ሌላ የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ እሷም እኔም ኋላ የተማርነው ቋንቋ ነው፤ ለዚህ ይሆናል እያንዳንዱን የአማርኛ ቃል አገላብጬ የማየው።

የአዲስ አበባው ሐኪም «ኦቲዝም ነው፤ የእናት ጥፋት አይደለም» ብሏት ያንን ቃል እንደ ስጦታ ይዛ ተመለሰች። እዚህ ማን ይስማት! የሰፈሩ ሴቶች «እናትየዋ ምን ሠርታ ይሆን?» ይላሉ። አንዷ በፊቴ «መንፈስ ነው» አለች። «መንፈሱ ያለው አንቺ ምላስ ላይ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም፤ ተገላገልኩ። አንተስ? በደወልክ ቁጥር «ቤቴል ተናገረች?» ነው። «ገነቴ፣ አንቺስ?» ያልክበትን ቀን አላስታውስም። «ጸልዩ» ብለህ ትዘጋለህ። ሃቢባ ሰምታ «ምነው፣ እዚያ አገር ጸሎት አይሠራም እንዴ?» አለች።

ልጅህ ተናግራለች፣ ይኸው። መናኸሪያው ቅርብ ስለሆነ የተሳፋሪ ጠሪዎቹ ጩኸት ቤት ድረስ ይገባል። ከእነሱ ለቀመችና ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን እያወናጨፈች «አንድ ሰው ቀረ! አንድ ሰው ቀረ!» ትላለች። መጀመሪያ እስኪያመን ስቀናል። ገነቴ «ሂሳብ ተቀበይ እንጂ፣ አንቺ ረዳት!» እያለች ታሾፍባት ነበር። አሁን አትስቅም። ልጅቷ ስትጣራ ካለችበት ሆና ቀስ ብላ «መጣሁ» ትላለች። «ቦታ ያዙልኝ፣ መጣሁ።»

ክረምቱን ልጅቷ እንቅልፍ አልነበራትም፤ እናቷም አብራ። ገነቴ ታለቅስ ነበር፣ ሳህን ትሰብር ነበር፣ ከልጅቷ እኩል የምትጮህበትም ቀን ነበር። ያኔ አልፈራሁም፤ የደከመው ሰው ይጮሃል። የፈራሁት ዝም ስትል ነው። ከመስቀል በኋላ ለቅሶው ቆመ። ፊቷ ረጋ። ቤቱን ጥግ ጥጉን ሁሉ አጸዳች። የእሁድ ቀሚሷንና ጫማዋን ከአንጋጫ ለመጣችው እህቷ ሰጠች። «ምነው?» ስላት «አይሆነኝም» አለች። ልኳ ነበር፣ አጵሎስ።

ከዚያ ልጅቷን ታስተምረኝ ጀመር።

«አማ፣ ቡላዋን በቢጫው ኩባያ ነው፣ ቀዝቅዞ። ትኩስ ከሆነ ትወረውረዋለች።»

«አማ፣ ማጉረምረም ስትጀምር በሩን ይዝጉ። ልትሮጥ ነው።»

«ስትጮህ አያቅፏት። ብርድ ልብሱን ጠቅልለው ትከሻዋ ላይ ጫን ያድርጉላት።»

እንደ ፊደሉ ታስጠናኛለች። ስሳሳት አትቆጣም፤ እንደገና ከ‹ሀ› ትጀምራለች። «አንቺ የት ልትሄጂ ነው እኔ የማጠናው?» አልኳት።

«የትም። ሰው ያረጃል፣ አይደል?»

ያረጀሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ለሚያረጅ ሰው ልጅ አደራ አይሰጥም።

እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን «ምስክርነት ያለው» ሲባል ገነቴ ተነሳች። እዚያ አዳራሽ አፏን ከከፈተች ዓመታት አልፈዋል። «ጌታ ድካሜን አይቷል» አለች። «በቅርቡ ያሳርፈኛል። ሸክሜን የሚቀበለኝን ሰውም አዘጋጅቷል።» ሕዝቡ «አሜን!» አለ። እልልታው ጣራውን አነሳው። ከጎኔ ያለችው ሴት አንገቴን አቅፋ «እሰይ! ምራትሽ ነጻ ወጣች!» አለችኝ። እነዚህ ሰዎች አማርኛ አይሰሙም? የተኛም አረፈ ነው፣ የሞተም አረፈ ነው። ሸክም ተቀባዩን በዓይኔ ፈለግሁት። ገነቴ የምታየው እኔን ነበር።

ቤት ገብተን ፊት ለፊት ጠየቅኋት። «አርፋለሁ ያልሽው ምንድን ነው?»

«እንቅልፍ ነው፣ አማ። እንቅልፍ አማረኝ።»

«መሞት አሰብሽ?»

አይደለም አላለችኝም። «ለቤቴል አይስጉ፤ እርስዎ አሉላት» አለችኝና እጄን ሳመች።

ለሃቢባ ነገርኳት። ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም መኖሩን ጠይቃ መጣች፤ ሐሙስ ይዘናት እንሄዳለን ብለናል። ገነቴ እምቢ አለች። «እብድ ተብዬ? አጵሎስ ቢሰማ ምን ይላል?» ከሰፈሩ ሁሉ የምትፈራው የአንተን አፍ ነው። ሃቢባ ሱቁን ለባሏ ትታ በየሰበቡ ትመጣለች፤ «ጨው አለሽ?» ትላለች፣ ባለ ሱቋ! እኔም መኝታዬን ወደ ገነቴ በር አዙሬያለሁ። ሁለት ሴቶች በጨውና በፍራሽ የምንጠብቃት እስከ መቼ ነው?

አንድ ዘዴ ዘይጄ ነበር። እንዳልገባኝ መሆን። ቡላውን ትኩስ እሰጣለሁ። ቢጫውን ትቼ ቀዩን ኩባያ አነሳለሁ። ልጅቷ ስታጉረመርም በሩን ክፍት እተዋለሁ። ገነቴ ተንፍሳ «አማ፣ እንደገና» ትላለች። ደስ ይለኛል። ተማሪው ካላለፈ አስተማሪ ትምህርቱን አይዘጋም። ድንቁርናዬ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትናንት ግን ገነቴ ውኃ ልትቀዳ ወደ ቦኖው ወጣ እንዳለች፣ ባጃጅ ደጃፋችን ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ቤቴል ጆሮዋን ይዛ ማጉረምረም ጀመረች። ዘዴዬ ከአእምሮዬ ጠፋ። በሩን ዘጋሁ። ብርድ ልብሱን ጠቅልዬ ትከሻዋን ጫን አደረግሁላት። ዝም አለች። ከእናቷ ጉልበት ሌላ የማታውቅ ልጅ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች፣ ቀሚሴንም በጣቷ ጠቅልላ ያዘች። ዓለም የእኔ ሆነች፤ ቀና ስል ገነቴ ጀሪካኗን እንደያዘች መስኮቱ ጋ ቆማለች።

«አለፉ፣ አማ» አለችኝ። ፈገግ ብላ።

ልጄ፣ ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ደውል። መጀመሪያ የገነቴን ስም ጥራ። ስለ ልጅቷ አትጠይቅ። «ሐኪም ጋ ሂጂ፤ በዚህ ክፉ አልልሽም፣ አብሬሽ ነኝ» በላት። ከልብህ ባይሆንም በላት። ከዚያ ና። ሥራ ትላለህ፣ የመኖሪያ ወረቀት ትላለህ፤ እዚያ የሚያስቀርህን ሌላውን ነገር ከዚያ ከተመለሱ የጃጁራ ሰዎች ሰምቻለሁ፣ አልጠይቅህም። ብቻ ና።

ያሳደገህ ጌታ እግርህን ወደ ደጅህ ይመልስ። የምታድርበትን ቤት ይጠብቅ፣ ጥለኸው የሄድከውንም ከዚያ በላይ ይጠብቅ።

እናትህ አባይነሽ

ይህን ስጨርስ ቤቴል ደጃፍ ላይ «አንድ ሰው ቀረ» እያለች ነው። ገነቴ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። እስካሁን አልመለሰችላትም። ልያት፣ ተነሳሁ።