አሜን የተባለበት ማሳ

ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦንጋ ላለኸው ለጥሩነህ፣

ጤናህን ጠይቄ መጀመር እንዳለብኝ አውቃለሁ። ደህና መሆንህን ልጃችን ራዕይ ነግራኛለች፤ ስለዚህ በእሱ ጊዜ አላጠፋም። ስደውል አታነሳም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክ የምታነሳው ለልጅህ ብቻ ነው፤ እሷም «አባዬ ደህና ነው» ትለኝና ወሬ ትቀይራለች። እኔ ግን አንጀቴ አርሮ ነው ያደርኩት። ከአምልኮ እንደተመለስኩ ነጠላዬን እንኳን ሳላወልቅ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እህትህ የኔነሽ ማክሰኞ ወደ አንተ ትመጣለች፤ አንተ እሷ ፊት እንድታነበው ነግሬያታለሁ። ትራስ ሥር ከትተህ እንዳታሳድረው።

ነገሩን መጀመሪያ ልንገርህ። ባቄላህ ላይ ዶዘር እንዲነዳ ተወሰነ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው፣ ሰባት ዓመት ዘር እየመረጥክ የዘራህበት ማሳ። አንተ ከሄድክ ወዲህ በየሰኔው ከተማሪዎቹ ጋር የምዘራው እኔ ነኝ፤ እንደ ዘንድሮ ያማረበት ጊዜ የለም፣ እሸት ይዟል። ተማሪዎቻችን አፈር የሚነኩበት ሌላ ቦታ እንደሌለን ታውቃለህ። ማሳ የሌለው የእርሻ ኮሌጅ ምን ሊያስተምር ነው? በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያርስ ነው? ተወሰነ አልኩህ፤ ያውም በሙሉ ድምፅ፣ ያውም እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። መስከረም 10 ቅዳሜ መደበኛው የቦርድ ስብሰባ ነበር። እኔ አሁንም የመምህራን ተወካይ ነኝ፤ ሰባታችንም ተገኝተናል። የምዝገባው ነገር ተነሳ፣ ሴቶቹ ተማሪዎች ይጠገንልን ያሉት ባኞ ቤት ተነሳ፣ በማደሪያው ጣሪያ ብቻ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሁሉም ታክሲ ሳይጠፋ ልውጣ እያለ ሰዓቱን ያያል። «ልዩ ልዩ» የሚለው ላይ ስንደርስ ሰብሳቢያችን ጋሽ ማርቆስ እንደ ዋዛ አንድ ሐሳብ ጣል አደረጉ። ማሳው በዓመት አንዴ ባቄላ ከሚበቅልበት ለሠርግና ለጉባኤ የሚሆን አዳራሽ ቢሠራበት ኮሌጁ ራሱን ይችላል አሉ። የወላጆች ተወካዩ አቶ ቀነኒሳ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አንድ ሰው «ይታሰብበት» አለ። እኔ ተማሪዎቹ የት ሊማሩ ነው ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ማርቆስ ተነስተው በጸሎት እንዝጋ አሉ።

ተነሳን፣ ዓይናችንን ጨፈንን። የጋሽ ማርቆስን ጸሎት ታውቀዋለህ፤ ከአዳም ነው የሚጀምሩት። ለአገር፣ ለታመሙት፣ ለዝናቡ ጸለዩ። እኔ በሐሳቤ ቤቴል ፌርማታ ደርሻለሁ። መጨረሻ ላይ «ማሳውን ለአዳራሹ በአንድ ልብ የለየነውን አንተ ባርክልን» ሲሉ ሰማሁ። ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽህም። ግን አፍ ለምዶበታል፤ ጸሎት ሲያልቅ አሜን ይላል። ሁላችንም አሜን አልንና ቦርሳችንን አንስተን ወጣን።

ከአሥር ቀን በኋላ ቃለ ጉባኤው መጣ። «የሠርቶ ማሳያ ማሳው ለአዳራሽ ግንባታ እንዲውል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፤ ጠረጋው ጥቅምት 12 ይጀመራል» ይላል። ቱግ አልኩ። ወረቀቱን ይዤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሆሳዕና ቢሮ ገባሁ። አንተ ከሄድክ በኋላ የተቀጠረች ልጅ ናት፤ ትሑት ናት፣ ክፋት የለባትም። ድምፅ የሰጠው ማነው፣ እጁን ያወጣ ሰው አይተሻል ወይ ብዬ አፋጠጥኳት።

«ቲቸር፣ አሜን ብላችኋል እኮ» አለችኝ።

ልጮህባት ስል መደርደሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ፋይል አውርዳ ከፈተችልኝ። የመጀመሪያው ገጽ በማን እጅ የተጻፈ መሰለህ? በአንተ። ያ ወደ ቀኝ የሚያጋድል ጽሑፍህ፤ የትም ባየው አይጠፋኝም። «እጅ በማውጣት ወንድምና እህትን አንከፋፍልም። በጸሎት እንወስናለን፤ አሜን ያለ ሁሉ ተስማምቷል» ይላል። ከሥሩ ፊርማህ አለ። ከፊርማህ ሥር የእኔ አለ።

ይኸውልህ፣ አንተን መቆጣት የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ኮልፌ በተከራየናት ሁለት ክፍል፣ አሥራ አንድ ተማሪ ይዘን ስንጀምር ያ ነገር ደስ ይል ነበር። እንደ ቀበሌ ስብሰባ አንሆንም ብለን ተኩራራን። ሰባታችንም እንዋደድ ነበር፤ ጸሎቱን የምትመራው ደግሞ አንተ ነበርክ። ግን ሰው እንዴት አንድ ቀን ራሱን አይጠይቅም? አሜን የምታሰኘው ሁልጊዜ አንተ የምትሆን መሰለህ? ዘር ስትመርጥ ሰባት ዓመት የምትጠብቅ ሰው፣ ለዚህ አንድ ሌሊት እንኳን አላሰብክበትም። እኔም አላሰብኩበትም። በሁለታችንም በግኛለሁ።

ጋሽ ማርቆስን ቤቴል ካፌ አገኘኋቸው። ማኪያቶ አዘዙልኝ፤ እስኪበርድ አልነካሁትም። ባቄላው ለመሰብሰብ ገና ሳምንታት እንደሚቀሩት፣ ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ሊቀሩ እንደሆነ፣ ማንም ተወያይቶ እንዳልወሰነ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ታውቃለህ፣ ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም።

«እህቴ ድንቅነሽ፣ በእግዚአብሔር ፊት አሜን ብለሽ ስታበቂ ካፌ ላይ ታፈርሺዋለሽ?» አሉኝ።

ሌባ አይደሉም፤ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። አዳራሹ እውነት ኮሌጁን ያቆመዋል ብለው ያምናሉ። የሚያሳርረኝም እሱ ነው፤ ቅን ሆነው በጌታ ስም አፌን ዘጉት። ማኪያቶውን ትቼ ወጣሁና እስከ አየር ጤና ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ብገባ ከረዳቱ ጋር እንደምጣላ አውቄዋለሁ።

በማግስቱ እማማ ወለተጻድቅ ቤት ሄድኩ። አሁንም የሠፈሩ ተወካይ ሆነው ቦርዱ ውስጥ አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ አእምሯቸው እንዳለ ነው። ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። እሳቸው የመድኃኔዓለም ሰው ናቸው፤ በእኛ ጸሎት መሐል አሜን የሚሉት ለመከባበር ብለው እንደሆነ፣ አባታቸው ያረሱትን መሬት ለሠርግ አዳራሽ እየሰጡ መሆናቸውን የነገራቸው እንደሌለ ነገሩኝ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት።

«ባልሽን ያሰናበቱ ዕለትስ ልጄ? አጠገቤ ነበርሽ። አሜን ስትይ ሰምቼሻለሁ» አሉኝ።

ጥሩነህ፣ አሁን የምጽፍልህን በደንብ አንብበው። ያን ቀን አንተ ውጭ ጽዱ ሥር ቆመህ ትጠብቅ ነበር። ውስጥ የተያዘው አጀንዳ ከቦርዱ ጋር መጣላትህ ነበር እንጂ መሰናበትህ አልነበረም። ማንም ይሂድ አላለም። ጋሽ ማርቆስ ብቻ ሊዘጉ ተነስተው «ወንድማችን ጥሩነህን በሚሄድበት ሁሉ ቅደምለት» ብለው ጸለዩ። አሜን ተባለ። እኔም አልኩ። ስወጣ ምን ተባለ ብለህ ጠየቅከኝ፤ «አሰናበቱህ» አልኩህ፣ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳልነበርኩ ሁሉ። ሦስት ዓመት ይህን ይዤ ኖርኩ። አሜን ለምን እንዳልኩ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ፤ አሁን ግን ቁጣዬ ሳይበርድ የትናንቱን ልጨርስልህ።

ትናንት ስብሰባ ነበር። ማሳው እንደገና ይታይ ብዬ ጠየቅኩ። የተጸለየበት ነገር ተመልሶ አጀንዳ አይሆንም ተባልኩ። ስለ ዶርሙ አልጋ ተወራ፣ ስለ ምረቃው ተወራ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ማርቆስ ሊዘጉ ተነሱ፤ ከአዳም ጀመሩ፤ መጨረሻ ላይ ለረቡዕ ጠረጋ ለሚመጣው ባለዶዘር ጥበቃ ለመኑለት። አሜን ተባለ። የተቆራረጠ አሜን ነበር። እኔ ዓይኔን ገልጬ ቆሜያለሁ።

«እኔ አሜን አላልኩም» አልኩ። «ሆሳዕና፣ ይጻፍልኝ።»

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ከዚያ እማማ ወለተጻድቅ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና የእሳቸውም እንዲጻፍ አዘዙ። ጋሽ ማርቆስ ፊታቸው ጠቆረ። እንግዲህ እንደ ዓለም ሰው እጅ እናውጣ ወይ አሉ፤ እንደማናደርገው ተማምነው ነው። እናውጣ አልኩ። ለአዳራሹ ሦስት እጅ ወጣ። ለማሳው የእኔ፣ የእማማ፣ የአንዲት እህት፤ አራተኛውን ሳይ አቶ ቀነኒሳ ናቸው። ባለፈው ወር የነቀነቁት እሳቸው፣ መሬት መሬት እያዩ እጃቸውን አወጡ። ሆሳዕና ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ዶዘሩ ቀረ።

እዚህ ላይ ብጨርስልህ ደስ ይለኝ ነበር። ጋሽ ማርቆስ ግን ቁጭ አሉና ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «እንግዲያው በአሜን ያለፈው ሁሉ ሊፈርስ ነው? ጥሩነህም ሊመለስ ነው?» አሉ። አፌን ሊያስይዙኝ ብለው ነው። እማማ ወለተጻድቅ ዞር ብለው አዩኝ። ቦርዱ ሁሉ ፊት፣ ሆሳዕና እየጻፈች፣ ያን ቀን አሜን ካሉት አንዷ እኔ እንደሆንኩ፣ ሳይወያዩ ማለቴ ጥፋት እንደነበረ፣ የአንተም ጉዳይ በእጅ ይታይ ዘንድ እንደምጠይቅ ተናገርኩ። ኅዳር 6 ቅዳሜ የመጀመሪያው አጀንዳ ሆኖ ተይዟል። እጁ ለአንተ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። አራተኛው እጅ ሁልጊዜ አይገኝም። ከመጣህ ግን ጽዱ ሥር አትቆምም፤ ውስጥ ገብተህ ፊት ለፊታቸው ትቀመጣለህ።

አሁን ያን አሜን ለምን እንዳልኩ ልንገርህ። ያን ሰሞን ተቆጥቼህ ነበር። ከራዕይ ምረቃ ለአረም ብለህ ቀርተሃል፤ የዘር ጆንያ መኝታ ቤታችን ድረስ አስገብተሃል፤ ማታ ስትመጣ የምታወራኝ ስለ ቅጠል በሽታ ነው። ጋሽ ማርቆስ ያን ጸሎት ሲጸልዩ፣ ኮሌጁ ከለቀቀው ቤቱ ይገባል አልኩ በልቤ። ለዚያ ነው አሜን ያልኩት። አንተ ግን ቦንጋ ገባህ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ይቅር በለኝ ለማለት አይመስልህ፤ አሁንም ተቆጥቼሃለሁ። ለባቄላው ብዬ ነው። በየመስመሩ የተከልካቸው ምልክት እንጨቶች ላይ የጻፍከው ስም ከክረምት ክረምት በዝናብ ታጥቧል። የትኛው መስመር የትኛው ዘር እንደሆነ ተማሪዎቹ ይጠይቁኛል፤ በግምት ነው የምመልስላቸው። ኅዳር መጨረሻ ላይ እንሰበስባለን፤ አንድ ላይ ከተቀላቀለ የሰባት ዓመት ሥራህ የወጥ እህል ሆኖ ይቀራል። የሚለያቸው አንተ ብቻ ነህ። የዘር ጆንያው አሁንም መኝታ ቤት ነው፤ በአንተ በኩል እንዳስቀመጥከው አለ። ቦታ አጥቼ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጌታ ጉልበትህን ያበርታ፤ የቦንጋ ዝናብ አይምታህ፤ መንገዱን ወደ ቀራንዮ ያቅናልህ። እኔ እስከዚህ ጸልያለሁ። አሜኑን ለአንተ ትቼዋለሁ፤ ከልብህ ካልሆነ አትበለው።

ድንቅነሽ