የአባባ በር እጀታ

ወንድሜ፣

ከሌሊት ፈረቃ ገብተህ ስለተኛህ አልቀሰቀስኩህም። ትልቁን ካቻቪቴህን ከአልጋህ ሥር ካለው ሳጥን ወስጃለሁ። ማታ እመልሰዋለሁ።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። አሙቀህ ጠጣና ድስቱን እጠብ።
እጠብ ያልኩት ውሃ ሙላበት ማለቴ አይደለም።

ለዛሬው የአባባ ልደት ኮት አልገዛሁም። ያለፉትን ሦስቱን ታውቃቸዋለህ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ከነላስቲካቸው ተሰቅለዋል። "ለክፉ ቀን ይሁኑኝ" ይላሉ። ክፉ ቀኑም እንደ ቀረ ቀረ።

አንተ አምና ባዶ እጅህን መጥተህ የሚነቃነቀውን ወንበራቸውን ብሎን አጠበቅክላቸው። ይኸው ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ልጄ ነው የሠራው" እያሉ እሱ ላይ ያስቀምጣሉ። ያን ቀን ሰው ፊት "ስጦታው አንድ ብሎን ነው" ብዬ ስቄብሃለሁ።
ማለት አልነበረብኝም።

አሁን የመኝታ ቤታቸው በር እጀታ ላልቷል። ባለፈው ሳምንት በቢላ ጫፍ ያላላሁት እኔ ነኝ። የተበላሸ ነገር ቤቱን ሙሉ ፈልጌ አጣሁ፤ ሁሉንም አንተ ጠግነኸዋል።

ትናንት ደውለው "ወንድምሽን ላኪልኝ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ስለዚህ ዛሬ ቢደውሉልህ ስልኩን አታንሳ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊትም እንዳትመጣ። አንተ ባጠበቅከው ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔን ይዩኝ።

እህትህ